የሐዋላ ገንዘብ በምን ይመራል?

ገንዘብ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከአንድ አገርም ወደ ሌላ አገር በባንክ በኩል የሚልክ ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ይጽፋል። አንደኛው ለሰው የሚጻፈው ነው፤ እርሱም የተቀባዩ ስም ከነአባቱ፣ የሚኖርበት ከተማና ገንዘቡ የተላከበት ምክንያት ነው። ሁለተኛው ለኮምፒውተር የሚጻፈው ነው፤ ይህም የሒሳብ ቁጥሩና የባንኩ ቅርንጫፍ መለያ፣ በተለምዶ «ኮድ» የምንለው ነው። ላኪው አብዝቶ የሚጠነቀቀው ለመጀመሪያው ነው። ስሙን ፊደል በፊደል እየቈጠረ ይጽፋል፤ ኮዱን ግን አንድ ወዳጁ በስልክ የላከለትን ወይም ከኢንተርኔት ላይ ያገኘውን እንዳለ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ጥንቃቄው መገላበጥ ይገባው ነበር። ገንዘቡን መንገድ እየመራ ከባንክ ወደ ባንክ የሚያደርሰው ቁጥሩ ነውና፤ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚጓዝ መንገደኛ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ወጣቱን ነው። ለትምህርት ወደ ሕንድ አገር የሔደ ተማሪ የኮሌጁን ክፍያ በሚከፍልበት ቀን፣ በአሜሪካ ያለች እኅቱ ለቤት ኪራይ ገንዘብ በምትልክለት ጊዜ፣ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ለውጭ አገር ድርጅት ክፍያ እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ፣ በእጁ ላይ የሚወድቀው ያ የፊደልና የአኃዝ ድብልቅ ነው። ትርጉሙን የነገረው የለም፤ የባንኩም ጸሐፊ ወረፋው ስለሚበዛበት አያብራራለትም። እያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ ምን እንደሚናገር የተረዳ ሰው ግን ስሕተቱን ገና ቅጹን ሳያስረክብ ሊያየው ይችላል ብለን ስለምናምን፣ ነገሩን ከመሠረቱ አንሥተን እንመለከተዋለን።

ከቼክ የተወለደ ቁጥር

የባንክ ኮድ የተጀመረው ለሐዋላ አልነበረም፤ ለቼክ ነበር። በአንድ ከተማ ባንክ ላይ የተጻፈ ቼክ በሌላ ከተማ ሲቀርብ ወረቀቱ ተመልሶ ወደ ወጣበት ባንክ መሔድ ነበረበት። ያ ሁሉ ቼክ በጠረጴዛ ላይ እየተዘረጋ በየባንኩ የሚለየው በጸሐፊዎች ዓይንና እጅ ነው። የአሜሪካ ባንኮች ማኅበር ይህን ሥራ ለማቅለል እ.ኤ.አ. በ1910 ለባንኮች ቁጥር ሰጠ፤ ይኸው ቁጥር ዛሬ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በየቼኩ ግርጌ ይታተማል። እንግሊዞችም ሁለት ሁለት እየሆነ በሰረዝ ተከፍሎ የሚጻፍ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር አላቸው፤ በቋንቋቸው የሚጠሩበትም ስም «የመደልደያ ቁጥር» እንደ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ከቼክ ጠረጴዛ እንደ መጣ ይመሰክራል።

የአሜሪካው ቁጥር አንድ ብልኀት አለው፤ ወረቀትና እርሳስ የያዘ ተማሪ ሊሞክረው ይችላል። በኒው ዮርክ የሚታወቀውን የቼዝ ባንክ ቁጥር እንውሰድ፤ 021000021 ነው። አኃዞቹን በተራ በ3፣ በ7፣ በ1፣ እንደ ገና በ3፣ በ7፣ በ1 እያልን እስከ መጨረሻው እናባዛቸዋለን። ዜሮዎቹ ምንም ስለማይጨምሩ ብንተዋቸው፣ 2 በ7 ሲባዛ 14፣ 1 በ1 ሲባዛ 1፣ እንደ ገናም 14ና 1 ይሆናል፤ ድምሩ 30 ነው። ድምሩ ያለ ቀሪ በ10 ከተካፈለ ቁጥሩ ደንቡን አሟልቷል። አሁን አንድ ሰው ቸኵሎ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በማቀያየር 021000012 ብሎ ቢጽፍ ድምሩ 24 ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም አልቀበልም ይላል። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች የሚሠራበት «አይባን» የተባለው ረጅም የሒሳብ ቁጥርም ከአገሩ ምልክት ቀጥለው የሚመጡ ሁለት አኃዞች አሉት፤ እነርሱም ለዚሁ ምርመራ የተቀመጡ ናቸው።

የባንክ ኮድ ሁሉ እንዲህ ራሱን የሚመረምር ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱ በቀለለ ነበር። ነገር ግን አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሔዱባት የሕንድ አገር ኮድ ይህን መመርመሪያ አልያዘም፤ ስለዚህ እዚያ መርማሪው ጸሐፊው ራሱ ነው።

የሕንድ ኮድ እንዴት ይነበባል?

የሕንድ ባንኮች የቅርንጫፍ መለያ በእንግሊዝኛው ምኅጻር «አይ.ኤፍ.ኤስ.ሲ.» ይባላል። ፊደሉና አኃዙ አንድ ላይ ሲቈጠር አሥራ አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ባንኩን ይጠራሉ። አምስተኛው ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ለወደፊት ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀ ባዶ ወንበር ነው። የቀሩት ስድስቱ ቅርንጫፉን ያመለክታሉ። ለምሳሌ በኒው ዴልሂ በፓርላማ መንገድ ላይ የሚገኘው የስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያ ዋና ቅርንጫፍ ኮዱ «ኤስ ቢ አይ ኤን 0000691» ነው። ይህን ቅርንጫፍ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ሕግ መሠረት፣ ከውጭ አገር እርዳታ የሚቀበሉ የሕንድ ማኅበራት ሁሉ ገንዘቡን መጀመሪያ በዚሁ በአንዱ ቅርንጫፍ በኩል እንዲያስገቡ ተደንግጓል። ስለዚህ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው እርዳታ ሁሉ የሚገባው በእነዚህ አሥራ አንድ ምልክቶች በር ነው።

አምስተኛው ዜሮ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስፍራ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል «ኦ» እና ዜሮ መልካቸው ስለሚመሳሰል ኮዱን ከወረቀት ላይ የሚገለብጥ ሰው ዜሮውን ፊደል አድርጎ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ከስሕተቶች ሁሉ ደግ ነው እንላለን። የሌለ ኮድ ስለሆነ ባንኩ ገና ሲቀበል ይጥለዋል፤ ገንዘቡም ከላኪው እጅ አይወጣም።

የከፋው ወጥመድ ሌላ ነው። ያው የኒው ዴልሂ ቅርንጫፍ ከውጭ አገር ለሚመጣ ገንዘብ ሁለተኛ ስም አለው፤ «ኤስ ቢ አይ ኤን፣ አይ ኤን፣ ቢ ቢ፣ 104» ይባላል። ይህ የስዊፍት ኮድ ነው። ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1973 በብራስልስ ከተማ በ15 አገሮች የሚገኙ 239 ባንኮች ያቋቋሙት የባንኮች መልእክት ማስተላለፊያ ማኅበር ነው። በእርሱ ኮድ አራቱ ፊደላት ባንኩን፣ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ አገሩን፣ ሌሎቹ ሁለት ስፍራውን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቅርንጫፉን ይናገራሉ። ሦስቱ ሳይጻፉ ሲቀሩ ወይም በስፍራቸው ሦስት ጊዜ «ኤክስ» ሲጻፍ ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢው ልብ ይበል፤ ከነቅርንጫፉ የተጻፈው የስዊፍት ኮድም አሥራ አንድ ነው፣ የሕንዱም ኮድ አሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት አራት ፊደላት ሊሆን ይችላል። አንዱን በአንዱ ስፍራ የሚጽፉ ሰዎች የሚበዙትም ስለዚህ ነው። የሚለዩት በአምስተኛው ምልክት ነው፤ በዚያ ስፍራ ዜሮ ካለ የሕንድ የአገር ውስጥ ኮድ ነው፣ ፊደል ካለ የስዊፍት ነው። በሕንድ ቼክ ግርጌ የሚታየው ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሦስቱ ከተማውን፣ ሦስቱ ባንኩን፣ ሦስቱ ቅርንጫፉን ያመለክታሉ። ለቼክ ማንበቢያ መሣሪያ የታተመ ስለሆነ ለሐዋላ አይሠራም። የአሜሪካውም ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ መሆኑ ስሕተቱን ያብሰዋል።

ተማሪው በሕንድ ውስጥ ከከፈተው ሒሳብ ለኮሌጁ ሲከፍል የሚፈለገው የአገር ውስጡ ኮድ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን ሲላክ ግን የሚቀድመው ስዊፍት ነው፤ የአገር ውስጡ ኮድ ገንዘቡ ሕንድ ከደረሰ በኋላ ወደ ትክክለኛው ቅርንጫፍ እንዲያልፍ ይረዳል። የሕንድ የአገር ውስጥ ሐዋላ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 16 ቀን 2019 ጀምሮ ሌሊትና ቀን፣ በበዓልም ሳይቀር በየግማሽ ሰዓቱ ይንቀሳቀሳል። ከ200,000 ሩፒ በላይ ለሆነ ገንዘብ ደግሞ ወዲያው የሚደርስ ሌላ መንገድ አለ። ከ2016 ወዲህ ሕዝቡ በእጅ ስልክ አድራሻ ብቻ ያለ ኮድ የሚላላክበት ዘዴ ስለ ተስፋፋ ለሻይና ለአትክልት ኮድ የሚጠይቅ የለም። ለኮሌጅ፣ ለቤት ኪራይ ውልና ለደመወዝ ግን አሁንም ይጠየቃል።

ቅርንጫፍም ይሞታል

ሰዎች ኮድ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለዘላለም የሚኖር ይመስላቸዋል። ባንኮች ሲዋሐዱ ግን ኮዱም አብሮ ይለወጣል። ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ተባባሪ ባንኮቹን ከራሱ ጋር ካዋሐደ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ወደ 1,300 የሚጠጉ ቅርንጫፎች ስምና ኮድ ለወጠ። ቪጃያ ባንክና ዴና ባንክ በ2019 ከባንክ ኦፍ ባሮዳ ጋር ተዋሐዱ፤ የቀድሞ ኮዶቻቸው እስከ ፌብሩዋሪ 2021 መጨረሻ ድረስ ብቻ ሠሩ። ሲንዲኬት ባንክ ወደ ካናራ ባንክ በ2020 ገባ፤ የእርሱም ኮዶች በጁን 2021 መጨረሻ ቆሙ። ይህን ሁሉ መዘርዘራችን የሕንድን ባንኮች ታሪክ ለመጻፍ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ያዘጋጃቸው የኮድ መዝገቦች አሉ፤ ብዙዎቹ የሞቱትን ቅርንጫፎች ከሕያዋኑ ጋር ቀላቅለው እንደያዙ ተቀምጠዋል። ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ ተማሪ ለአዲሱ የሰጠው ወረቀትም እንዲሁ ነው።

በአገራችንም የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። የዚያን ባንክ ስም ይዞ የቀረ የክፍያ ማዘዣ ወይም የድርጅት ደብዳቤ ዛሬ በመዝገብ ቤት ቢገኝ፣ በላዩ ያለው የባንክ አድራሻ ለታሪክ እንጂ ለሐዋላ አይጠቅምም።

ስሙስ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ላኪው ትክክለኛ ስም ጽፎ የተሳሳተ፣ ነገር ግን በእርግጥ ያለ የሒሳብ ቁጥር ቢጽፍ ገንዘቡ ለማን ይገባል? ብዙ ሰው «ስሙ ስለማይገጥም ባንኩ ይመልሰዋል» ይላል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ያወጣው መመሪያ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ስም በማዘዣው ላይ መጻፍ ግዴታ ቢሆንም ገንዘቡን ለማስገባት መሠረት የሚሆነው የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር የመስጠት ኀላፊነትም የላኪው ነው። የእንግሊዝ አገር የ2017 የክፍያ ደንብም እንደዚሁ በተሰጠው መለያ መሠረት የተፈጸመ ክፍያ በትክክል እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል ይላል፤ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ መጣር አለበት እንጂ ከራሱ ኪስ የመተካት ግዴታ የለበትም።

ይህ ሕግ ጨካኝ ይመስላል። እኛም በበኩላችን ለላኪው የሚያደላ ሕግ ብናይ ደስ ባለን ነበር፤ ምክንያቱም ስም የሚጻፍበትን ባዶ ስፍራ አዘጋጅቶ ስሙን ግን አላነብም ማለት ሰውን ማሳሳት ነው። ደግነቱ ነገሩ እየተሻሻለ መጥቷል። በእንግሊዝ አገር ታላላቆቹ ባንኮች ከ2020 ጀምሮ ስሙንና ቁጥሩን አስተያይተው ለላኪው አስቀድመው መንገር ጀመሩ። በሕንድም ባንኮች የተቀባዩን ስም ለላኪው የሚያሳይ አገልግሎት እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 2025 ድረስ እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ ዩሮ የሚጠቀሙት የአውሮፓ አገሮችም በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 9 ቀን ጀምሮ ይህንኑ ግዴታ አደረጉ። በአገራችን በእጅ ስልክ ገንዘብ የላከ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቁጥሩን ካስገባ በኋላ የባለ ሒሳቡ ስም ብቅ ይላል። ያን ስም ሳያነብ «እሺ» የሚለውን የሚጫን ሰው የተሰጠውን መከላከያ በገዛ እጁ ይጥለዋል።

የሰው ዓይን ስምን ማንበቡ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዓለም የታወቀ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብተው፣ ባንኩ በኒው ዮርክ ካለው ሒሳብ 951 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል 35 የስዊፍት ትእዛዞችን ላኩ። መልእክቱ ትክክለኛውን መንገድ ተከትሎ የመጣ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አለፉ፤ 81 ሚሊዮን ዶላር ማኒላ ደረሰ። 20 ሚሊዮን ዶላር ግን በስሪ ላንካ ላለ አንድ ድርጅት ሲላክ፣ በእንግሊዝኛ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ፊደሉ ተሳስቶ ተጽፎ ነበርና መንገድ ላይ ያለ አንድ ባንክ ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ዳነ። የሚበልጠውን ገንዘብ ደግሞ ያስቆመው፣ በጊዜው እንደ ተዘገበው፣ የቅርንጫፉ ስም ነው። የማኒላው ባንክ ቅርንጫፍ ጁፒተር በሚባል መንገድ ላይ ስለሚገኝ «ጁፒተር» የሚለው ቃል በትእዛዞቹ ላይ ነበር፤ ይኸው ስም በኢራን ማዕቀብ ምክንያት በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የነበረ የአንድ መርከብ ስም ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ቃሉን ሲያይ ቆመ፤ ሰዎችም ተመለከቱት። በዕጣ የመጣ ጥበቃ ነው፤ የተማሪ የቤት ኪራይ እንዲህ ያለ ዕጣ አይወጣለትም።

ወደ አገር ቤት የሚመጣው

ወደ ኢትዮጵያ ለሚላክ ገንዘብ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሆኖም ላኪዎች የሚቸገሩበት አንድ ነገር አለ። በአውሮፓ ያለ ወንድም ቅጹን ሲሞላ «አይባን ጻፍ» ይባላል። ኢትዮጵያ አይባን ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ስላይደለች እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም። የሚጻፈው ተራው የሒሳብ ቁጥርና የባንኩ የስዊፍት ኮድ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮድ «ሲ ቢ ኢ ቲ፣ ኢ ቲ፣ ኤ ኤ» ነው፤ የዳሸን ባንክ «ዲ ኤ ኤስ ኤች፣ ኢ ቲ፣ ኤ ኤ» ነው፤ መካከለኛዎቹ «ኢ ቲ» አገራችን ናቸው። ስምንቱ ፊደላት ባንኩን ያገኙታል፤ ባለ ሒሳቡን የሚያገኘው የሒሳብ ቁጥሩ ነው። በእስራኤል ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው፤ እዚያ የባንኩ ቁጥር፣ ባለ ሦስት አኃዝ የቅርንጫፍ ቁጥርና የሒሳብ ቁጥር ለየብቻ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ከዚያ የሚልክ ዘመድ «የቅርንጫፍህ ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከግምት የተነሣ ቁጥር ሊሰጠው አይገባም፤ የባንኩን የስዊፍት ኮድ መንገር ይበቃል።

ስዊፍት ራሱ ገንዘብ አይሸከምም፤ የሚሸከመው መልእክት ነው። ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ በቀጥታ የሒሳብ ግንኙነት ከሌላቸው ገንዘቡ በሌላ አገናኝ ባንክ በኩል ያልፋል፤ ያም ባንክ በበኩሉ ዋጋ ይቈርጣል። የኮሌጅ ክፍያ ጥቂት ዶላር ጐድሎ ደረሰ እየተባለ ምዝገባ የሚከለከለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በቅጹ ላይ ወጪውን ላኪው ሁሉንም ይከፍል እንደ ሆነ፣ ይካፈሉ እንደ ሆነ ወይም ተቀባዩ ይሸከም እንደ ሆነ የሚመረጥበት ስፍራ አለ፤ የትምህርት ክፍያ የሚልክ ሰው ላኪው ይከፍላል የሚለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ኮዱን ከየት እንውሰድ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የተቀባዩ የራሱ ቼክ ወይም የባንክ ደብተር ነው፤ በሕንድ ኮዱ በቼኩ ላይ ታትሞ ይገኛል። ቀጥሎ የባንኩ የራሱ ድረ ገጽ፣ ለሕንድ ደግሞ ማዕከላዊ ባንኩ የሚያወጣው ዝርዝር አለ። ለድርጅት የሚከፍል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። «የባንክ ሒሳባችንን ለውጠናል፤ ከእንግዲህ በዚህ ላኩ» የሚል የኢሜይል ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በመዝገቡ ባለው ስልክ ደውሎ ያረጋግጥ። አጭበርባሪዎች በዓለም ሁሉ የሚያዘወትሩት ይህን መንገድ ነው፤ የሚሰጡትም ኮድ ትክክለኛ ነው፣ የባለቤቱ ማንነት ብቻ ሌላ ነው።

ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ካልደረሰ ላኪው ለባንኩ «ልኬ ነበር» ብሎ ቢጮኽ ብዙ አይረዳውም፤ የሐዋላውን የራሱን ቁጥር መያዝ አለበት። በሕንድ የአገር ውስጥ ሐዋላ በየግማሽ ሰዓቱ በሚንቀሳቀሰው መንገድ ሲላክ 16 ምልክት ያለው ቁጥር ይሰጠዋል፤ በትልቁና ወዲያው በሚደርሰው መንገድ ሲላክ ደግሞ 22 ምልክት ያለው ነው። በስዊፍት የሚሔድ የደንበኛ ክፍያ ሁሉ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ባለ 36 ምልክት መከታተያ ቁጥር ይዞ እንዲጓዝ ተደርጓል፤ ይህን ቁጥርና የመልእክቱን ግልባጭ ላኪው ባንኩን ጠይቆ ሊወስድ ይችላል። ተቀባዩም ያን ወረቀት ይዞ ወደ ባንኩ የውጭ ሐዋላ ክፍል ቢቀርብ፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደ ቆመ ለመፈለግ ሠራተኞቹ የሚጀምሩበት ነገር ያገኛሉ።